«ለትራንስፖርት» ስለምትባለው ብር

ጉንደ ወይን ኔትወርኩ መጣ ሄደ ስለሚል ይቺን ጽሑፍ በሦስት ቀን ነው የጨረስኳት። ረዘም ብላለች። ቡና እስኪፈላ አንብቧት።

ኅዳር ሲቃረብ ስልኬ ይበዛበታል። ኅዳር 24 (በአንዳንዱ ዓመት 23) የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1992 እ.ኤ.አ. ከወሰነው ወዲህ በየዓመቱ ይከበራል። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይታተማል፣ ቲሸርት ይታዘዛል። ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይጎድላል፤ «ተሞክሮ የሚያካፍል አካል ጉዳተኛ»። ያኔ ነው እኔ ትዝ የምላቸው። ዘንድሮም ደውላችሁልኛል። ከደወላችሁት ሁለታችሁ ተማሪዎቼ ናችሁ፤ ትልቅ ቦታ ደርሳችሁ ድምፃችሁን በመስማቴ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ስለ ክፍያው ስጠይቅ ግን ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ዝም አላችሁ። ከዚያ አንዷ «ቲቸር፣ ለትራንስፖርት የሆነች ነገር እናያለን» አለችኝ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚች «የሆነች ነገር» ነው። በስልክ ለሁለት ሰው ከምናገረው እዚህ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው እንጂ ተቀይሜ አይደለም።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። በአካል ጉዳተኞች መብት ጉባኤ ላይ ሌላው ተናጋሪ የሚከፈለው ከሆነ አካል ጉዳተኛው ተናጋሪም በዚያው ስም፣ በዚያው ሰነድ፣ በዚያው ተመን ሊከፈለው ይገባል። «ለትራንስፖርት» ተብሎ በፖስታ የሚሰጠው ቀርቶ «ለንግግር» ተብሎ በመጥሪያ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። መሪው፣ ረዳቱ፣ አስተርጓሚው ደግሞ በሌላ መስመር ይያዙ፤ ከተናጋሪው ኪስ አይውጡ። ይኼው ነው።

ጉባኤ አዘጋጅታችሁ ለማታውቁ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ፕሮፖዛል ሲጻፍ በጀቱ መስመር መስመር አለው። የአዳራሽ ኪራይ፣ የሻይ ቡና፣ የምሳ፣ የተሳታፊ ውሎ አበል፣ ከወረዳና ከዞን ለሚመጡ ኃላፊዎች አበልና ነዳጅ፣ የአወያይ፣ የቃለ ጉባኤ ያዥ፣ የጥናት አቅራቢ፣ የፎቶ አንሺ፣ የባነር። አሁን አሁን፣ ይበል የሚያሰኝ ነው፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም መስመር አለው። አካል ጉዳተኛው ተናጋሪ ግን መስመር የለውም። ከተሳታፊዎቹ መካከል ይመረጣል ወይም «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ይፈለጋል። ልዩ ልዩ ወጪ ማለት እስክሪብቶና ማስቲሽ ያለበት ማለት ነው።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። ጥቂት ዓመት ሆነው፤ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ባሕር ዳር ላይ ለሁለት ቀን ጉባኤ ጠራኝ። ርእሱ አካቶ ትምህርት። በሞጣ አድርጌ ገባሁ፤ የእህቴ ልጅ ሥራውን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። ፕሮግራሙ ላይ ከሻይ በፊት ሁለት ተናጋሪዎች አለን። አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ አማካሪ ነው፣ «ጥናት አቅራቢ» ተብሏል። ሌላው እኔ ነኝ፣ «ተሞክሮ አካፋይ»። ለሁለታችንም 20 ደቂቃ ተሰጠን። እሱ በሰዓቱ ጨረሰ። እኔ ጥያቄው ስለበዛ 50 ደቂቃ ቆምኩ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ለክፍያ ተሰለፍን። የፋይናንሷ ልጅ ጨዋ ናት። ለሚያየው ሰው ወረቀቱን ገፋ አድርጋ «እዚህ ጋ» ትላለች፤ ለእኔ ግን ማንበብ ግድ ሆነባት። ከላይ ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችው። «ጥናት አቅራቢ፣ 12,000። አወያይ፣ 6,000። ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ 4,000። ተሞክሮ አካፋይ፣ ትራንስፖርት፣ 800።» ከዚያ የአሻራ ቀለሙን ወደ ጣቴ አስጠጋች። ፊርማ አለኝ አልኳት። «ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ» ብላ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። (ዓይነ ስውርነት አንዳንዴ እንዲህ ይጠቅማል፤ ሌላው ሰው በዓይኑ የሚዘለውን ፔይሮል እኛ እንሰማለን።) በመጨረሻም በመስታወት የተከበበ የምስክር ወረቀት ተሸለምኩ። ዳስሼ መስታወት መሆኑን አውቄያለሁ። ምን እንደሚል የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው።

የ800 ብሩን ማነስ አይደለም የማወራው። ስሙን ነው። ትራንስፖርት ማለት ያወጣሁትን መመለስ ማለት ነው። አውቶቡስ ተሳፍሬያለሁ፣ ያ ተመለሰልኝ፣ ያውም ለሁለት ሰው አይበቃም። ታዲያ ለ50 ደቂቃው ንግግር የተከፈለኝ ስንት ነው? ዜሮ። በሰነድ የተረጋገጠ፣ እኔው ራሴ የፈረምኩበት ዜሮ።

«ጥናትና ተሞክሮ አንድ አይደለም፤ እሱ ተዘጋጅቶበታል» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ የዚያን ቀን ሁለታችንም የተናገርነውን እንየው። የአማካሪው ፓወር ፖይንት የተጀመረው እንደ ሁልጊዜው በቁጥር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ግን የኢትዮጵያ ግምት 17.6 ከመቶ ነው አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ።

እኔ የተናገርኩት ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ነው። ቆጣሪው ደጅ ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል እናት «የለም» ትላለች። ልጁ ጓዳ ነው ያለው። ውሸታም ስለሆነች አይደለም፤ እህቱ ለጋብቻ ደርሳለች፣ «በዘራቸው አለባቸው» እንዳይባል ነው። ደግሞ አካል ጉዳተኛ ሲባል በእኛ አገር ሰው የሚመጣለት የታወረና እግሩ የማይሄድ ብቻ ነው። መስማት እየከበዳቸው የመጡ አሮጊት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት እረኛ፣ አእምሮው የዘገየ ልጅ አይቆጠሩም። ይህንን የማውቀው መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ጓዳ የነበርኩት ልጅ እኔ ነኝ፤ መምህር ከሆንኩ በኋላም ሌሎችን ከጓዳ ለማስወጣት ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። የትኛው ቤት ጓዳው ተዘግቶ እንደሚውል፣ አባትን ማሳመን እንደሚቀድም ወይስ አያትን፣ ቄሱን ይዞ መሄድ የሚጠቅመው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ከሻይ በኋላ የትምህርት ባለሙያዎቹ በማስታወሻቸው የያዙት ይኼንን ነው። የጉባኤው የአቋም መግለጫም ውስጥ ገብቷል፤ አነበቡልኝ። እንግዲህ ይሄ ጥናት ካልሆነ ምን ይባላል?

ሥራው ዕውቀት ሆኖ ሳለ «ተሞክሮ» የተባለው ተናጋሪው እኔ ስለሆንኩ ነው። «ተሞክሮ አካፍለን» ሲባል የሚጠበቀው የታወቀ ነው፤ ተወለድኩ፣ ታወርኩ፣ ተሰቃየሁ፣ ተማርኩ፣ ተመስገን። አዳራሹ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል፣ ምሳ ይገባል። አውስትራሊያዊቷ ጋዜጠኛና ኮሜዲያን ስቴላ ያንግ፣ ራሷ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ነበረች፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ባደረገችው ንግግር አካል ጉዳተኛ ሰው የሌላው ሰው መነቃቂያ ዕቃ ሆኖ መቅረቡን አፍርጣ ተናግራለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐረፈች። ንግግሯን ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ ስሙት፤ አጭር ነው፣ ያስቃልም። የእኛዋን የትነበርሽ ንጉሤንም ተመልከቱ። በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር የሆነች የወሎ ልጅ ናት፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝታለች። የሕግ ባለሙያ ናት። በሕግ ስትሟገት የሚያዳምጣት ሰው ሕግ ነው የሚሰማው፤ ከንፈሩን የሚመጥበት ጊዜ የለውም። ወረዳ ላይ ያሉት ግን፣ የእኔ ዓይነቶቹ፣ ከንፈር መምጠጫ ነው የምንሆነው። ለከንፈር መምጠጫ ደግሞ ተመን አይወጣለትም።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን እንመለስ፣ ወደ ጎጃም። ከዚህ ከጉንደ ወይን ቅርብ መርጡለ ማርያም አለች፣ ደብረ ወርቅ አለች፣ በብቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ዓይናቸው የማያይ የቅኔ መምህራን በዚህ አገር ብርቅ አይደሉም። የኔታ ዓይናቸው ስላላየ ድርጎው ተቀንሶባቸው ያውቃል? «እርስዎ ተሞክሮ ነው የሚያካፍሉት፤ ድርጎው ለሚያየው መምህር ነው» የተባሉ የኔታ አሉ? ተማሪው እግራቸው ሥር የሚቀመጠው ቅኔውን ፈልጎ ነው፤ ደብሩም የሚሰጠው ለመምህርነታቸው ነው። ያው ደብር በር ላይ ደግሞ በበዓል ቀን ሌላ ዓይነ ስውር ተቀምጦ ስለ እመብርሃን ይላል፤ ለእሱ የሚሰጠው ምጽዋት ነው። አያቶቻችን እነዚህን ሁለት ነገሮች አሳምረው ይለዩ ነበር። ለአንዱ ጎንበስ ብለው ይሰጡታል፣ ለሌላው ጎንበስ ብለው ይቀበሉታል።

የጉባኤው ፖስታ ሁለቱን አደባልቆብናል። የሥራ ዋጋዬን በምጽዋት እጅ ነው የሚሰጡኝ። ፖስታውን እጄ ውስጥ ሲያደርጉ ሁለተኛ እጃቸውን ከላይ ጭነው ጨበጥ አድርገው «ለሻይ» ይሉኛል። አማካሪውን እንደዚያ አይጨብጡትም። ብሩ ወደ ባንክ ሒሳቡ ነው የሚገባው።

ከዚያው ጉባኤ ሌላ የማልረሳው ነገር አለ። ከሌላ ወረዳ የመጣች ዓይነ ስውር ሴት ነበረች፤ እሷም ተናጋሪ ናት። ይዛት የመጣችው የ11 ዓመት ልጇ ናት። ማክሰኞና ረቡዕ ነበር። ልጅቱ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታለች፣ እናቷን መርታ ስለ ሕፃናት ትምህርት የሚወራበት አዳራሽ ለማስገባት። የምሳ ኩፖኑ አንድ ነው። ልጅቱ በር ላይ ቆመች። እናቷ ከሳህኗ ከፍላ በናፕኪን ጠቅልላ ልታወጣላት ስትል አስተናጋጁ «ከአዳራሽ ምግብ አይወጣም» አላት። የኋላ ኋላ ተፈታ፤ አንድ ሰው የራሱን ኩፖን ሰጣት። አዘጋጁን ለምን አዋቂ መሪ አልታሰበም ብዬ ስጠይቀው «ጋሼ፣ በጀቱ በሰው ነው የተሠራው፣ መሪ ተሳታፊ አይደለም» አለኝ። አልዋሸም፤ በጀቱ እንደዚያ ነው የተሠራው። በእንደዚህ ያለ በጀት ምክንያት መሪ የሚሆነው ሁልጊዜ ጊዜው ዋጋ የለውም የሚባለው ሰው ነው፤ ማለትም ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ። የገጠር ሴት አካል ጉዳተኞች ለምን መድረክ ላይ አይታዩም ለምትሉ አንዱ መልስ ያው ነው።

ይኼ የደግነት ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ሥነ ዜጋ ያስተማርኳችሁ ግን ታስታውሳላችሁ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ሥራውን እንዲሠራ ወይም ሥልጠናውን እንዲከታተል የሚያስችለውን ረዳት እንዲመድብለት ግዴታ ይጥልበታል። የአንድ ቀን ተናጋሪ ቋሚ ሠራተኛ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ የሕጉ መንፈስ ግን ግልጽ ነው። ረዳት የሥራው ወጪ ነው፣ የአካል ጉዳተኛው የግል ጣጣ አይደለም። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። አንቀጽ 4 ንዑስ 3 እኛን በሚመለከት ውሳኔ ላይ እንድንመከር፣ በወኪል ድርጅቶቻችን በኩል በንቃት እንድንሳተፍ ያዛል። ስለዚህ እኛን መጥራት ውለታ አይደለም። «ያለ እኛ፣ ስለ እኛ ምንም» የሚለው መፈክር በየባነሩ አለ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ባነሩ የተሰቀለው ሊፍት በሌለው ሆቴል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እሱን እንለፈው።

ለድርጅቶቹም ፍትሐዊ ልሁን። ይህ ልማድ ከሰማይ አልወረደም። ከ2001 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. የሠራው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝን ድርጅት በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎት ነበር። ስለ «መብት» መናገር ስላልተቻለ ሁሉም «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ሆነ። ለግንዛቤ ማስጨበጫ ደግሞ የሚፈለገው ተሟጋች ሳይሆን ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ነው። በዚያ ላይ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተብሎ የሥልጠናና የጉዞ ወጪው ሳይቀር እንደ አስተዳደር እየተቆጠረባቸው ድርጅቶቹ ሲያለቅሱ ኖረዋል። ስለዚህ የተናጋሪ ክፍያን መደበቅ፣ ሌላ ስም መስጠት ተለመደ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ሲወጣ ክልከላው ተነሥቷል። ልማዱ ግን ሳይሻር ቀረ። አሁን ያሉት ወጣት ፕሮጀክት አስተባባሪዎች ለምን «ትራንስፖርት» እንደሚሉ አያውቁትም፤ የቀደመው ፋይል ላይ እንደዚያ ስለሚል ገልብጠውት ነው።

ሌላው ምክንያት ግብር ነው። ይህንን ማንም አይነግራችሁም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለሌለው አገልግሎት ሰጪ ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲቀር ያዘዘ ነበር፤ ቁጥሩ ላለው 2 በመቶ ብቻ። (መጠኑና መነሻው በየጊዜው ስለሚሻሻል የአሁኑን ፋይናንሱን ጠይቁት።) የገጠር አካል ጉዳተኛ ቲን የለውም። ፋይናንሱ ወረቀት ከሚያበዛ «ትራንስፖርት ብለህ ስጠው» ይላል። እና አካል ጉዳተኛ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቲን አውጡ። ወረዳችሁ ገቢዎች ሂዱ። «ምን ያደርግልሃል?» ይሏችኋል፤ እኔንም ብለውኛል። ባለሙያ ነኝ በሉ።

አሁን ወደ ተቃውሞው። ከተቃውሞዎቹ አንዱ በጣም ያሳምመኛል፣ ሌላው ያስቀኛል።

የሚያስቀኝ «ዓላማው ለእናንተው ነው» የሚለው ነው። ዓላማው ለእኛ ከሆነ አዳራሹን የሚያከራየው ሆቴል ለምን በነጻ አይሰጠንም? ባነር አታሚውስ? አማካሪውስ? በእኛ ዓላማ ሁሉም ደሞዝ ሲያገኝ በጎ ፈቃደኛ የምንሆነው እኛ ብቻ ነን።

የሚያሳምመኝ «ክፍያ ከተጀመረ የስብሰባ ሰው ይፈጠራል» የሚለው ነው። እውነት አለበት። አበል ፍለጋ ከአዳራሽ አዳራሽ የሚዞር ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእኛም መካከል አለ፣ ከማያየውም ከሚያየውም። ነገር ግን አስተውሉ፤ ያንን ሰው የፈጠረው በፖስታ የሚሰጠው ብር ነው። በፖስታ የሚሰጥ ነገር የሚሰጠው ለሚታወቅ ሰው ነው፤ አስተባባሪው ስልኩን ለያዘለት፣ ለማያስቸግር፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ለሚሄድ። ተመኑ በደብዳቤ ቢጻፍ፣ ርእሱ ቀድሞ ቢሰጥ፣ ጽሑፍ ወይም የድምፅ ቅጂ አስቀድመህ ላክ ቢባል ያልተዘጋጀ ሰው ራሱ ይቀራል። እኔ ለአንድ ንግግር አንድ ሳምንት እዘጋጃለሁ። በብሬል ነጥቤን እጽፋለሁ፣ በስልክ ሰነድ አስነብባለሁ፣ የምጠቅሰውን ቤተሰብ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ይኼ ሁሉ ሥራ እንደሆነ የሚያውቀው የሚከፍል ሰው ነው፤ የማይከፍለው «ብቻ መጥተህ ከልብህ ተናገር» ነው የሚለኝ።

ሦስተኛም አለ፤ «ማኅበሮቻችን ድሃ ናቸው»። ልክ ነው። ቢሮ የሌለው፣ ማኅተሙን ሊቀመንበሩ በኪሱ ይዞ የሚዞር የአካል ጉዳተኞች ማኅበር በየወረዳው አለ። እነሱ ሲጠሩኝ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ። እድራችን ላይ ስናገር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ስናገር፣ ተማሪዎቼ የምርቃት ቀን ሲጠሩኝ ክፍያ ጠይቄ አላውቅም፣ አልጠይቅምም። ሽማግሌ ለዕርቅ ሲቀመጥ ይከፈለዋል እንዴ? አይከፈለውም፣ ግን ማንም አይከፈለውም። ቴድ የሚባለው ዓለም የሚያውቀው መድረክም ለተናጋሪ አይከፍልም፤ ለማንም አይከፍልም፣ የጉዞውን ወጪ ግን ይሸፍናል። የእኔ መለኪያ እንግዲህ ቀላል ናት። አዳራሹ ውስጥ ማይክ የጨበጠ ማንም ሰው ካልተከፈለው እኔም በነጻ። አንዱ ከተከፈለው እኔም።

አይቻልም የምትሉ ካላችሁ የተቻለበት አገር አለ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሕመምተኞችና ተገልጋዮች በኮሚቴዎቹ ገብተው ሐሳብ ሲሰጡ የሚከፈላቸውን በመመሪያ ወስኖ አስቀምጧል። ለከፍተኛው የኃላፊነት ደረጃ በቀን 150 ፓውንድ፣ ለግማሽ ቀን 75 ፓውንድ፤ የጉዞና የረዳት ወጪ ከዚያ ውጪ። እኛ በፓውንድ ክፈሉን አላልንም። ገንዘቡ ሳይሆን መመሪያ መኖሩ ነው የሚያስቀናኝ፤ ሕመምተኛው የሚያገኘውን ቁጥር ቀድሞ ያውቃል፣ የማንንም ፊት አያይም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ዙም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ የአካባቢያችንን መንገድ ታውቁታላችሁ። «በዙም ግባ» ትሉኛላችሁ። ኢንተርኔቱ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ረስታችሁት ካልሆነ። አሁንም ሲኖር ኔትወርክ ፍለጋ ከቤቴ ወጥቼ ዳገት ላይ መቀመጥ አለብኝ፤ ዳታውን የምገዛው እኔ ነኝ። በአካል ለተገኘው አበል አለው፣ በዙም ለገባው ዳታ እንኳን የለውም። ከጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ ከሞጣ፣ ከብቸና ድምፅ ያስፈልገናል የምትሉ ከሆነ ቢያንስ ካርድ ሙሉልን።

መስማት የተሳናቸው ወዳጆቼ አንድ ነገር እንድጽፍላቸው ጠይቀውኝ ነበር። አስተርጓሚው በሰዓት ይከፈለዋል፤ ይገባዋል፣ ከባድ ሙያ ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምረው ነው። ግን አንዱ ወዳጄ በጽሑፍ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ በእጄ እናገራለሁ፣ እሱ በድምፁ ይደግመዋል። ለደገመው ከፈሉት፣ ለተናገርኩት አመሰገኑኝ።» ከዚህ የተሻለ አልጽፍም።

እንግዲህ ለዘንድሮው ኅዳር ለሚደውልልኝ ሁሉ የምልካት ጥያቄ ይቺ ናት፤ ኮፒ አድርጋችሁ ተጠቀሙባት። ርእሱ ምንድን ነው፣ ስንት ደቂቃ? ሌሎቹ ተናጋሪዎች እነማን ናቸው፣ ይከፈላቸዋል ወይ? ለእኔስ ስንት፣ በምን ስም፣ መቼ? የአዋቂ መሪዬ ጉዞ፣ አልጋና ምግብ በማን? ሰነዶቹን ቀድማችሁ በስልኬ ሊነበብ በሚችል መልክ፣ ማለት ፎቶ ባልሆነ ፋይል፣ ትልኩልኛላችሁ? አምስት ጥያቄ ነው። ለመመለስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የደወላችሁልኝ ሁለቱ ተማሪዎቼም፣ ይህንን ለአለቆቻችሁ አሳዩአቸው፤ እናንተን እንደማላስቀይም ታውቃላችሁ። መልሱ «በጀቱ አልቋል» ከሆነ እሱንም በግልጽ ንገሩኝ፤ ያኔ ለማኅበራችን ስል ልመጣ እችላለሁ፣ አማካሪውም በነጻ ከመጣ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። አካል ጉዳተኛ ሆናችሁ መድረክ ላይ የተናገራችሁ፣ ምን ተሰጣችሁ? ፖስታ፣ ቲሸርት፣ ቦርሳ፣ የምስክር ወረቀት? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ መጻፍ የማይመቻችሁ በድምፅ ኢንቦክስ ላኩልኝ፣ እኔም የምወደው እሱን ነው። ያልከፈሏችሁን ስም አትጥሩ፤ ጠብ አልፈልግም። በወጉ ከፍሎ፣ መሪያችሁንም አስቦ የጠራችሁ ካለ ግን ስሙን በደንብ ጻፉት፣ ሌላው ሄዶ ይጠይቃቸዋል።